ቀድሞ የመታ ሁሉ አጥቂ ነው?

ቴኳንዶና ካራቴ በሚሠሩ ልጆች መካከል ይቺ ጥያቄ በየጊዜው ትነሳለች፦ «ቀድሜ ከመታሁ፣ ራሴን ተከላከልኩ ማለት አልችልም?» ትችላለህ። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 78 ላይ፣ ዋናው ነገር ማን ቀድሞ ሰነዘረ የሚለው አይደለም። ሕገ ወጥ ጥቃት እየደረሰብህ ወይም ሊደርስብህ ተቃርቦ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ልታስቀረው የማትችለው መሆን አለበት። ምላሽህም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት።

አንድ ሰው ቢላ መዝዞ መጣብህ እንበል። ከኋላህ ግድግዳ ነው። እስኪወጋህ መጠበቅ የለብህም፤ ቀድመህ እጁን ብትመታው መከላከል ነው። ቢላው ወድቆ ሰውየው ሲሸሽ አባረህ በእርግጫ ብትጥለው ግን ነገሩ ተገለበጠ። አደጋው አልፏል፤ አሁን አጥቂው አንተ ነህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደለትማ! «ቆይ አገኝሃለሁ» ብሎ የዛተብህን ሰው ዛሬውኑ ሄዶ መደብደብም መከላከል አይደለም።

እስከዚህ ያለው ግልጽ ነው። «ተመጣጣኝ» የሚባለው ልክ ግን እንደየጉዳዩ ይለያያል፤ የሚመዝነው ፍርድ ቤት ነው። ልኩን ብታልፍ እንኳ አንቀጽ 79 ቅጣቱ እንዲቀልልህ ይፈቅዳል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ እዩ፤ አንዳንዱ ማምለጥ ከቻልክ አምልጥ ይላል፣ ሌላው አያስገድድም።