«ፈረንጅ እኮ ስድብ አይከፋውም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የእንግሊዝኛ ስድብ እኛ ጋ የገባው በፊልም፣ በራፕና በቲክቶክ ነው። አስተማሪ አያስተምረውም፤ ስለዚህ የቱ ቀላል የቱ ከባድ እንደሆነ የነገረን የለም። ስልክ ሲወድቅ «ሺት»፣ መብራት ሲጠፋ «ዋት ዘ ፈክ» ይባላል። አባት አጠገብ ቢቀመጥም ዝም ነው። ያንኑ በአማርኛ ቢለው ጥፊ ይቀምስ ነበር። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

«ፈረንጅ ስድብ አይከፋውም፤ እንደ ሰላምታ ነው የሚለው»

ይሄን ያስተማረን ፊልም ነው። ግን እዛው አሜሪካ «ፒጂ 13» በሚባለው የፊልም ደረጃ «ፈክ» አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ያውም ስለ ወሲብ ካልሆነ። ከተደገመ ፊልሙ «አር» ይባላል፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ አዋቂ ካላስገባው አይገባም። በአንቴና የሚተላለፍ ቴሌቪዥንና ሬዲዮም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የብልግና ቃል ማሰማት አይችልም። ጓደኛሞች ቢራ ላይ የሚባባሉትን አለቃ ፊት፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ወይም የፍቅረኛ እናት ፊት አይሉትም።

ታዲያ ለእኛ ለምን ቀለለን? ለንደን በበርክቤክ ኮሌጅ ያስተማረው ዣን ማርክ ዴዋል ከ1,000 በላይ ብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ጠይቆ ነበር። ስድብ በብዛት የሚከብዳቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሆኖ ተገኘ። አይገርምም። በአማርኛ ስንሳደብ ተቆንጥጠናል፣ በርበሬ የታጠነም አለ። ለእንግሊዝኛው ማን ቆነጠጠን? እነሱ ዘንድ ግን ባለጌ ልጅን አፉን በሳሙና ማጠብ የታወቀ ቅጣት ነበር። አንተ ሳታስበው ያወጣሃትን ቃል ሰሚው ከነሳሙናዋ ነው የሚሰማት።

«ትልቁ ስድብ ፈክ ነው»

ድሮ ምናልባት። አሁን ከባዱ ሰውን በዘሩ ወይም በአካል ጉዳቱ የሚሰድበው ነው። የእንግሊዝ ብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም በየጊዜው ሕዝቡን ሲጠይቅ የሚያገኘውም ይሄንኑ ነው። ለተራው ብልግና ጆሮ እየለመደ፣ ለዘር ስድብ ግን እየከረረ ሄዷል።

እዚህ ላይ የኛ ልጆች ይሳሳታሉ። ጥቁሮች የሚሰደቡባትን በኤን የምትጀምረውን ቃል ከራፕ ለቅመው «እኔም ጥቁር ነኝ» ብለው ይሏታል። ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው አልተስማሙባትም። በ2007 አንጋፋው የመብት ድርጅታቸው ኤንኤኤሲፒ ዲትሮይት ላይ ለቃሏ የሬሳ ሣጥን አዘጋጅቶ የቀብር ሥነ ሥርዓት አድርጎላታል። አንዳንዱ እርስ በርስ ይጠራራባታል፤ አንዳንዱ ሲሰማት ደሙ ይፈላል። ትናንት ዋሽንግተን የገባ ልጅ የቱ የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? የኔን ምክር ከፈለጋችሁ፣ ጭራሽ ባይነካት ይሻለዋል።

«እንግሊዝኛ የትም አንድ ነው»

በ2006 አውስትራሊያ ቱሪስት ለመጥራት ማስታወቂያ ሠራች። መጨረሻው ላይ አንዲት ወጣት «የት ጠፋችሁ?» ትላለች፤ መሃል ላይ «ብለዲ ሄል» ጣል አድርጋ። ለአውስትራሊያዊ ይሄ የጨዋታ ማጣፈጫ ነው። እንግሊዝ ግን ቴሌቪዥን ላይ እንዳይታይ መጀመሪያ ከለከለች፤ ክርክር ተነስቶ ነው በኋላ የተፈቀደው። አሜሪካዊው ወገቡ ላይ የሚያስረውን ቦርሳ «ፋኒ ፓክ» ይለዋል፤ ለእሱ «ፋኒ» መቀመጫ ነው። ለንደን ላይ ግን ቃሉ የሴት ብልት ነው።

«ፈክ የንጉሥ ፈቃድ ምህጻረ ቃል ነው»

ባልና ሚስት በንጉሥ ፈቃድ ይገናኙ ነበር፣ ያ ጽሑፍ በር ላይ ይለጠፍ ነበር የሚባለው ተረት ነው። ቃሉ ከጀርመንኛና ከደች ጋር የሚዛመድ አሮጌ ቃል ነው። በ1310 በቼስተር የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የአንድ ሰው መጠሪያ ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል።

«የሚሳደብ ሰው ቃል ያጠረው ነው»

ቲሞቲ ጄይና ክሪስቲን ጄይ በ2015 ባሳተሙት ጥናት ብዙ ስድብ መዘርዘር የቻሉት ሰዎች ሌላም ቃል በብዛት መዘርዘር ችለዋል። መቼም ይሄን ለእናታችሁ ማስረጃ አድርጋችሁ እንዳታቀርቡ።

«አሜሪካ ነፃ አገር ነው፤ ማንም አይጠይቅህም»

ግማሹ እውነት ነው። ፖል ኮኸን የሚባል ወጣት በ1968 ጃኬቱ ላይ የቬትናም ጦርነት ምልመላን «ፈክ» በምትለው ቃል ሰድቦ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ገባና ታሰረ። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደለት። ይሄ መብት ግን ከመንግሥት ነው የሚጠብቀው። የግል ቀጣሪ ደንበኛ ላይ የተሳደበን ሠራተኛ ቢያባርረው የኮኸን ፍርድ አያድነውም።

ደግሞ ኮኸን የለበሰውን ያውቃል። የእኛ አገር ሰልባጅ ገዢስ? አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ነጠላ ያጣፉ እናት አየሁ። ከነጠላው ሥር ቲሸርታቸው ላይ ያችው ቃል በትልልቁ ተጽፋለች። ረዳቱ «ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ» ይላል። ልንገራቸው ብዬ ነበር። ግን በምን አፌ?