ጨረር በብረት ውስጥ የሚያልፈውን ድምፅ ምን ያደርገዋል?

ምጣድ ስንገዛ ኳ ኳ አድርገን እናዳምጣለን። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ከደነዘዘ ግን ስንጥቅ አለው። በጨረር የተመታ ብረት ላይ ይህ ብልሃት ሊያሳስት ይችላል።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአረብ ብረት ውስጥ 5,900 ሜትር ገደማ። የብረት አተሞች በመደዳ ተደርድረው አንዱ ሌላውን አጥብቆ ስለያዘ ነው። ድርድሩ ግን እዚህም እዚያም ይዛነፋል። የተዛነፈበት መስመር ዲስሎኬሽን ይባላል። እንደ መሰንቆ ጭራ አስቡት፦ ጫፍና ጫፉ ተይዞ መሀሉ ይርገበገባል። ድምፅ ሲያልፍ አብሮ እየተርገበገበ ጉልበቱን ይሻማዋል። ድምፁ ይደክማል፣ ትንሽም ይዘገያል።

አሁን ኒውትሮን፣ ማለትም ከጨረር ዓይነቶች አንዱ የሆነ የአተም እምብርት ቅንጣት፣ መጣ እንበል። አንዱን አተም ከቦታው ያፈናቅለዋል። የተፈናቀለው ሌላውን ይገፋል፣ ያም ሌላውን። በመጨረሻ ባዶ ቦታዎችና ማረፊያ ያጡ አተሞች ይቀራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሄደው ዲስሎኬሽኑ ላይ ይለጠፋሉ። መሰንቆ ላይ ጣት እንደማሳረፍ ነው፤ የሚርገበገበው ጭራ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1956 ቶምሰንና ሆልምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በመዳብ ክሪስታል ላይ አሳይተዋል። ኒውትሮን ያረፈበት መዳብ ግትርነቱ ጨመረ፣ የንዝረት ጉልበት መምጠጡም ቀነሰ። ስለዚህ ድምፁ ብዙም ሳይደክም፣ በትንሹም ፈጥኖ ያልፋል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። የተጎዳው መዳብ ከጤነኛው ይልቅ ጥርት ብሎ ይደውላል! ብረት ሳይሰበር የሚጎብጠው ደግሞ እነዚሁ መስመሮች መንቀሳቀስ ስለሚችሉ ነው። ሲሰቀዙ ብረቱ ይጠነክራል፣ መጉበጥ ግን ያቅተዋል። በኒውክሌር ሪአክተር ጋን (ነዳጁን በያዘው የአረብ ብረት ዕቃ) ላይ የሚፈራው መሰባበርም ከዚሁ ይመጣል። በድምፅ ላይ የሚታየው ለውጥ ጥቂት ስለሆነ መሐንዲሶች በጆሮ ብቻ አያምኑም። ሪአክተሩ ውስጥ አብረው የከረሙ ናሙናዎችን እያወጡ ሰብረው ያያሉ።

ጨረሩ ለብዙ ጊዜ ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 ካውቶርንና ፉልተን በስኮትላንድ ዱንሬይ ሪአክተር ውስጥ በቆየ የማይዝግ ብረት ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ባዶዎቹ ቦታዎች ተሰባስበው ጉድጓድ ሆነዋል፤ ብረቱም አብጧል። ባበጠ ብረት ውስጥ ድምፅ ይዘገያል። የብረቱ ውፍረት ከታወቀ፣ የአልትራሳውንድ (ለጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ) ማሚቶው ስንት ቆይቶ እንደተመለሰ በመለካት ምን ያህል እንዳበጠ ሳይቆርጡት መገመት ይቻላል።