ከገበሬው በቀጥታ መግዛት ምንድን ነው?

ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ቲማቲም አንስታችሁ «ይህን የቀጠፈው ማነው? መቼ ቀጠፈው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። ገንዘብ ተቀባይዋ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁም አያውቅም። ያመጣላቸው አከፋፋይ ደግሞ ከሌላ ነጋዴ ነው የተረከበው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልደበቀም። ወሬው መንገድ ላይ ቀርቶ ነው።

ከገበሬው በቀጥታ መግዛት ማለት ይህ ወሬ መንገድ ላይ እንዳይቀር አድርጎ መገበያየት ነው። ምግቡን ያመረተው ሰውና የሚበላው ሰው ይገናኛሉ። በመሃላቸው ማንም አይገባም፤ ቢገባም ቢበዛ አንድ ሰው ነው።

መልኩ ብዙ ነው። አንዳንዱ እርሻው ድረስ ሄዶ በር ላይ ይገዛል። አንዳንዱ ገበሬዎች ራሳቸው ቆመው በሚሸጡበት ሳምንታዊ ገበያ ይሸምታል። እርሻ ውስጥ ገብቶ በገዛ እጁ ቀጥፎ፣ አስመዝኖና ከፍሎ የሚሄድም አለ። የወቅቱን ምርት በየሳምንቱ በሳጥን የሚረከብም አለ። ከሁሉም ጠለቅ የሚለው ግን ገና ዘር ሳይዘራ የዓመቱን ድርሻ ከፍሎ የእርሻው አባል መሆን ነው። እሱን ቆየት ብዬ በደንብ አነሳዋለሁ፤ ለእኔ የነገሩ ልብ እዚያ ነው ያለው።

ኪሎ ሜትር ነው የሚቆጠረው ወይስ እጅ?

ብዙ ሰው «የአካባቢ ምርት» ሲባል ርቀት ይቆጥራል። የአሜሪካ ሕግም እንዲሁ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የግብርና ሕግ፣ ለአንድ የብድር ፕሮግራም ሲባል፣ ምርቱ ከበቀለበት ቦታ ከ400 ማይል ባነሰ ርቀት ወይም እዚያው ግዛት ውስጥ ከተሸጠ «የአካባቢ» ይባላል አለ። 400 ማይል ወደ 640 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ተጉዞ የመጣን ጎመን የጎረቤት ጎመን ለማለት እኔን ይከብደኛል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ባወጣው ደንብ በሌላ መንገድ ሄደ። ደንቡ «አጭር የአቅርቦት ሰንሰለት» የሚለውን ሲተረጉም ኪሎ ሜትር አልጠቀሰም። የተዋናዮቹ ቁጥር ትንሽ እንዲሆን፣ ለመተባበር ቃል የገቡ እንዲሆኑ፣ አምራቹና ሸማቹም በቦታም በግንኙነትም እንዲቀራረቡ ነው ያለው። ይህኛው ትርጉም ይበልጥ ልክ ይመስለኛል። ምክንያቱም 20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የበቀለ ቲማቲም ወደ ሩቅ ማዕከላዊ መጋዘን ተጭኖ፣ እዚያ ተለይቶና ታሽጎ፣ ከቀናት በኋላ ወደ ተነሳበት ሰፈር ሊመለስ ይችላል። መደርደሪያው ላይ «የአካባቢ ምርት» የሚል ጽሑፍ ሊለጠፍበትም ይችላል። ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ግን ስለዚያ ቲማቲም የምታውቁት ነገር ከሩቅ አገር ከመጣው አይበልጥም።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ምርቱ ያለፈባቸውን እጆች ቁጠሩ።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

በተለመደው መንገድ ምርቱ ከገበሬው ወደ ደላላ ወይም ሰብሳቢ፣ ከዚያ ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ወደ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ ወደ አከፋፋይ፣ በመጨረሻ ወደ ቸርቻሪ ይሄዳል። እያንዳንዱ እጅ የራሱን ድርሻ ያነሳል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይህን በየዓመቱ ያሰላል። በቅርብ ዓመታት በወጡት ስሌቶች መሠረት፣ ሰዎች እዚያው አገር ለተመረተ ምግብ ከሚያወጡት ከእያንዳንዱ ዶላር እርሻው ጋ የሚደርሰው 15 ሳንቲም አካባቢ ነው።

ይህን ቁጥር ሰምቶ መናደድ ቀላል ነው። ግን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ስሌቱ ምግብ ቤት የሚበላውንም፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚቀነባበረውንም ይጨምራል። ዳቦ ብትገዙ ወፍጮውም ምድጃውም ሥራ ሠርተዋል፤ ስለዚህ የስንዴው ገበሬ ድርሻ ትንሽ መሆኑ አይገርምም። እንቁላልና አትክልት ላይ ድርሻው ከዚህ ከፍ ይላል። በመሃል ያሉት ሰዎችም ሌቦች አይደሉም። ያጓጉዛሉ፣ ያቀዘቅዛሉ፣ የተበላሸውን ይለያሉ፣ ኪሳራውንም ይሸከማሉ።

በቀጥታ ስትገዙ ገንዘቡ በሙሉ ገበሬው እጅ ይገባል። ሥራውም በሙሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ያጥባል፣ ይለያል፣ ያሽጋል፣ ይነዳል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይሸጣል። ለዚህ ነው ከእርሻ በቀጥታ የሚገዛ ነገር ሁልጊዜ ርካሽ የማይሆነው። ወቅቱ ሲሆንና ምርቱ ሲበዛ ይረክሳል፣ ሌላ ጊዜ ከሱፐርማርኬቱ ይበልጣል። «በቀጥታ ስለገዛሁ በግማሽ ዋጋ ላገኝ ይገባል» ብሎ የሚመጣ ገዢ የገበሬውን የጉልበት ዋጋ ረስቷል። ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ማነው? በረጅሙ ሰንሰለት ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ የተነገረውን ዋጋ ይቀበላል። እዚህ ግን ዋጋውን ራሱ ይናገራል።

ጣዕሙስ?

እዚህ ላይ ልዩነቱ አፍ ላይ ይታወቃል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ ገና አረንጓዴ ሳለ ይቀጠፋል። ከዚያ ኢትሊን በሚባል ጋዝ ይቀላል። ጋዙ መርዝ አይደለም፤ ፍሬው ራሱም ሲበስል የሚያወጣው ነው። ችግሩ ጋዙ ቀለሙን ቢያመጣም ፍሬው ተክሉ ላይ ቆይቶ የሚሰበስበውን ጣዕም ሊተካ አለመቻሉ ነው። ዝርያውም የተመረጠው በጭነት እንዳይፈርጥ፣ ቆዳው እንዲጠነክር ተብሎ ነው። ቅርብ የሚሸጥ ገበሬ ግን ልጣጩ ስስ የሆነውን፣ ለጭነት የማይመቸውን ዝርያ መዝራት ይችላል።

በቆሎ እሸት ሌላው ምሳሌ ነው። ከተቀጠፈበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ጣፋጭነት ወደሌለው ስታርች እየተለወጠ ይሄዳል። በተለይ ሙቀት ካለ በፍጥነት ነው። ጠዋት ተቀጥፎ ማታ የተበላና ከአራት ቀን በኋላ የተበላ እሸት አንድ አይደሉም። ቅጠላ ቅጠልም ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቆይ ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል።

ሁሉም ምግብ ግን እንዲህ አይደለም። ደረቅ ባቄላ፣ ሽንኩርት፣ ድንች ወራት ተቀምጠውም ደህና ናቸው። ፖም ኦክስጅኑ በተቀነሰበት ቀዝቃዛ መጋዘን ለወራት፣ አንዳንዱም ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ይቆያል። በተቀጠፈ በሰዓታት ውስጥ በረዶ የተደረገ አተር ደግሞ ጠውልጎ ከሚሸጥ «ትኩስ» አተር ሊሻል ይችላል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ገበሬና ሸማች ፊት ለፊት መገበያየታቸው ከገበያ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ሆን ተብሎ እንደ አዲስ የተደራጀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ጃፓን ቀድማለች። ሚናማታ በተባለው አካባቢ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ በዓሣ አድርጎ ሰው መርዞ ነበር። የፀረ ተባይ ኬሚካልም ሕዝቡን አስጨንቆ ነበር። የቤት እመቤቶች «ለልጆቻችን የምናበላው ምንድን ነው?» ብለው ከገበሬዎች ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀመሩ። ይህ አሠራር «ቴይኬይ» ይባላል፤ አጋርነት ማለት ነው። በ1971 ቴሩዎ ኢቺራኩ የመሠረቱት የኦርጋኒክ (ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የሚካሄድ) ግብርና ማኅበር በ1978 ለዚህ አሠራር አሥር መርሆዎች አወጣ። ከነሱ አንዱ ሸማቹ እርሻው የሰጠውን ምርት ሁሉ ይቀበላል ይላል። ዋጋውም በሁለቱ ስምምነት ይወሰናል።

በአሜሪካ ደግሞ በአላባማ የቱስኬጊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቡከር ቲ. ዋትሊ ለአነስተኛ ገበሬዎች፣ በተለይም ለጥቁር ገበሬዎች፣ የደንበኞች ክበብ የሚባል ዘዴ ያስተምሩ ነበር። ቤተሰቦች በዓመት የአባልነት ክፍያ ይከፍላሉ፣ መጥተውም በገዛ እጃቸው ይቀጥፋሉ። ገበሬው ገና ሳይዘራ ገዢውን ያውቃል ማለት ነው።

በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሸር ሁለት እርሻዎች ዛሬ «በማኅበረሰብ የሚደገፍ ግብርና» የሚባለውን ጀመሩ። የኒው ሃምፕሸሩ ቴምፕል ዊልተን እርሻ አሠራር ሁልጊዜ ይመስጠኛል። ገበሬዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ አባላቱን ይሰበስቡና የዓመቱን ወጪ በሙሉ ያነባሉ። ዘሩን፣ ነዳጁን፣ የራሳቸውን መተዳደሪያ ጭምር። ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ቃል ይገባል። ድምሩ ካልሞላ እንደገና ይዞራል፣ የሚችል ይጨምራል። ሲሞላ ዓመቱ ተጀመረ ማለት ነው። ምርቱን ደግሞ ሁሉም እንደሚያስፈልገው ይወስዳል። የካሮት ኪሎ ስንት ነው የሚል ጥያቄ የለም። የሚከፈለው ለካሮቱ ሳይሆን እርሻው ዓመቱን እንዲዘልቅ ነው።

አብዛኞቹ ተከታዮቻቸው ይህን ያህል ርቀው አልሄዱም። የተለመደው የዓመቱን ወጪ ለድርሻዎች አካፍሎ ለሁሉም አንድ ዋጋ ማውጣት ነው። በ2001 በደቡብ ፈረንሳይ የጀመረውና በአገሩ ሁሉ የተስፋፋው አሠራርም፣ ጀማሪዎቹ ገበሬዎች አሜሪካ ሄደው ካዩት የተቀዳ ነው።

ቀድሞ መክፈል «ላም አለኝ በሰማይ» አይሆንም?

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። በረዶ ቢዘንብ፣ ጎርፍ ቢመጣ፣ ተባይ ቢገባ ሳጥናችሁ ይሳሳል። ገንዘቡ አይመለስም። ውሉ ይህን ከመጀመሪያው ነው የሚናገረው። በተለመደው ገበያ ይህን ኪሳራ ገበሬው ብቻውን ይሸከመዋል፤ እናንተ ከሌላ ቦታ የመጣውን ትገዛላችሁ፣ እሱ ዕዳ ውስጥ ይገባል። እዚህ ግን ኪሳራው በመቶ ቤት ይከፋፈላል። ምርቱ የተትረፈረፈ ዕለትም ትርፉ እንዲሁ ይከፋፈላል፤ ዱባውን ለጎረቤት እስክታካፍሉ ድረስ።

በዚህ ሐሳብ የማይመቸው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ወር ለመድረስ ለሚቸገር ቤተሰብ የዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ ከባድ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ማስከፈል የጀመሩት እርሻዎች ጥሩ አድርገዋል።

ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ነገሮች

«የአካባቢ» ማለት «ኦርጋኒክ» ማለት አይደለም። የቅርብ ገበሬም ኬሚካል ሊረጭ ይችላል፣ የሩቁም ላይረጭ ይችላል። ልዩነቱ የቅርቡን መጠየቅ መቻላችሁ ነው።

«ለአየር ንብረት ይሻላል» የሚለውም እንደሚባለው ቀላል አይደለም። በ2008 ሁለት የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካን የምግብ ፍጆታ አስልተው፣ ከምግብ ከሚወጣው በካይ ጋዝ የመጓጓዣው ድርሻ በሙሉ 11 በመቶ፣ ከአምራች እስከ ቸርቻሪ ያለው ደግሞ 4 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። 83 በመቶው ምርቱ ሲመረት የሚወጣ ነው። ስለዚህ ለአየር ንብረት የምትበሉት ነገር ከመጣበት ርቀት ይበልጥ ይወስናል። ለአምስት ካሮት ብቻ ብሎ በመኪና 30 ኪሎ ሜትር መንዳት ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ያበላሸዋል። ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋግሮ በተራ ማምጣት ይሻላል።

ገበያ ላይ የቆመ ሁሉም ገበሬ አይደለም። ከጅምላ ተራ ገዝቶ ሳጥን ቀይሮ የሚሸጥ አለ። ስለዚህ በአክብሮት ጠይቁ። «ይህን ያመረቱት ራስዎ ነዎት? መቼ ቀጠፉት? መጨረሻ የረጩት መቼ ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይጠቅማል፤ ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ ምርቱ እስኪሰበሰብ መጠበቅ ያለበት የቀን ብዛት መድኃኒቱ ዕቃ ላይ ይጻፋል፣ ጥሩ ገበሬም ያውቀዋል። ያመረተ ሰው ስለ ምርቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ያላመረተ ወሬ ይቀይራል። ወቅቱ ያልሆነ ነገር ጠረጴዛው ላይ ካያችሁም ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ወተትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከላሟ በቀጥታ የመጣ ወተት የታመነ ቢሆንም አፍሉት። ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ የገበሬው ንጽሕናና ቅንነት ብቻውን አያስቆማቸውም።

ለመጀመር ሁሉንም ነገር ከሱፐርማርኬት ማውጣት አያስፈልግም። ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ጨው እዚያው ይሁን። አንድ ሁለት ነገር ምረጡ። ቅጠላ ቅጠል፣ ቲማቲምና እንጆሪ ልዩነታቸው ቶሎ ስለሚታወቅ ለጀማሪ ጥሩ ናቸው። ድርሻ ከመግዛታችሁ በፊትም አንድ ወቅት በዕለት ግዢ ሞክሩ፤ ለሦስት ሳምንት ተከታታይ ጎመን ሲመጣ ቤታችሁ ምን እንደሚል ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።