እኩልታው ላይ ያለው «2» ግራም አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ኬሚስትሪ የማስጠናው ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፤ ግን ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል። የኬሚካል ለውጡን የሚያሳየው እኩልታ «1 ካልሲየም ካርቦኔት ከ2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር» ሲለው፣ ለ25 ግራም ካርቦኔት 50 ግራም አሲድ ብሎ ይጽፋል።

አልፈርድበትም። ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም።

መንገድ ላይ የሚያልፈውን ባጃጅ እዩ። ለ1 ባጃጅ 3 ጎማ። ጎማዎቹ ከባጃጁ 3 እጥፍ ይከብዳሉ የሚል ሰው ግን የለም። የእኩልታው ቁጥርም እንደዚሁ ነው፤ ይቆጥራል እንጂ አይመዝንም። የሚቆጥረው በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ስለሆነ በጥቅል እንይዛቸዋለን። ጥቅሉ ሞል ይባላል፣ እንቁላል በደርዘን እንደሚቆጠረው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ካልሲየም ካርቦኔት ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ዋና ውህድ ነው። 1 ሞሉ 100 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 25 ግራም ማለት 0.25 ሞል ነው። ሬሾው 1 ለ 2 ስለሆነ አሲዱ 0.5 ሞል ይሆናል። የአሲዱ 1 ሞል 36.5 ግራም ነው፤ በ0.5 ስናባዛው 18.25 ግራም።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። አሲዱ በቁጥር እጥፍ ነው፣ በክብደት ግን ከድንጋዩ ያንሳል! ልጁ ይህን ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «እንዴ!» አለ።

ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድስ? ከካርቦኔቱ ጋር ያለው ሬሾ 1 ለ 1 ነው። 0.25 ሞል፣ ሲባዛ በ44፣ 11 ግራም።