«ዩኤስአር» ምንድን ነው? የሊኑክስ ማህደሮች ስም ከየት መጣ?

ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ላይ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ወደ ሥሩ ማህደር፣ ማለትም ሌሎቹ ማህደሮች ሁሉ ወደሚገኙበት፣ ስትሄዱ አጫጭር ስሞች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ቢን፣ ዴቭ፣ ኢቲሲ፣ ሊብ፣ ቫር፣ ዩኤስአር። ፊደል የተቆጠበባቸው ይመስላሉ፤ ተቆጥቦባቸዋልም። የወረስናቸው ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ከጀመሩት ከዩኒክስ ስርዓተ ክወና ነው። ያኔ ትእዛዝ የሚጻፈው በቴሌታይፕ፣ ማለትም ወረቀት ላይ በሚያትም የጽሕፈት መኪና መሰል ማሽን፣ ነበር። ማሽኑ ቀርፋፋ ስለሆነ አንዲት ፊደል መቀነስም ትርፍ ነው። ፋይል የሚፈጥረው የዩኒክስ ትእዛዝ እንኳ «create» መሆን ሲገባው የመጨረሻዋ «ኢ» ተቆርጣ «creat» ሆኖ ቀርቷል።

አብዛኞቹ ስሞች ለመፍታት አያስቸግሩም። ቢን የቆሻሻ መጣያ አይደለም፤ «ባይነሪ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ውስጡ ለመሮጥ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ። ዴቭ ዲቫይስ ነው፣ እንደ ዲስክ ያሉ መሣሪያዎች። ሊብ ላይብረሪ፣ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ። ቫር ደግሞ «ቫሪያብል»፣ ማለትም እንደ ሎግ (የሲስተሙ የክንውን መዝገብ) ያለ ሁሌ የሚለዋወጥ ነገር የሚቀመጥበት።

ሰው የሚሳሳተው ዩኤስአር ላይ ነው። «የሲስተሙ የጋራ ሀብት» ዓይነት ረጅም ስም በምህጻረ ቃል ተጽፎ ነው ብለው የሚያስረዱ አሉ። ያ ግን ኋላ የተሰፋ ትርጉም ነው። ቃሉ «ዩዘር» ነው፣ በቃ። የ1971 የዩኒክስ መመሪያ ላይ የቶምሰን ማህደር በዩኤስአር ሥር «ኬን» ተብሎ፣ የሪቺ ደግሞ «ዲኤምአር» ተብሎ ይታያል። የተጠቃሚዎች ቤት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬ ለምን በፕሮግራም ተሞላ? ዲስክ ስለጠበበ። የዚያን ጊዜ አንድ ዲስክ 3 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ አሁን በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ሊበልጠው ይችላል። ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ሲሞላ የተረፈው ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹ ወዳሉበት ዲስክ ተሻገረ። እዚያም ሌላ ቢን ተከፈተ። የ1979 የዩኒክስ ሰባተኛ እትም መመሪያ ምክንያቱን ሳይደብቅ ይናገራል፦ ዋናው ቢን እንዳይበዛ ነው ይላል። እንግዳው ቤቱን ሲሞላው ባለቤቶቹ ወጡ፤ በሊኑክስ የተጠቃሚዎች ፋይል ዛሬ «ሆም» የሚባል ማህደር ውስጥ ነው። ስሙ ብቻ እዚያው ቀረ።

ኢቲሲም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። «በእጅ የሚስተካከል የጽሑፍ ማዋቀሪያ» የሚል ማብራሪያ ተለጥፎበታል፤ ዛሬ ውስጡ ያለው በአመዛኙ የማዋቀሪያ ፋይል ስለሆነ ማብራሪያው አሳማኝ ይመስላል። እውነቱ ግን ቃሉ «ወዘተ» ነው! ሌላ ቦታ ያልተመደበ ሁሉ እዚያ ይገባ ነበር። ያው የ1979 መመሪያ አስፈላጊ ዳታና «አደገኛ የጥገና ፕሮግራሞች» ያሉበት ሲል ይገልጸዋል። እኔ ይሄኛውን ገለጻ እመርጣለሁ።

ዲስኩ ከሰፋ በኋላ ሁለት ቢን መያዝ ብዙም ትርጉም አልነበረውም። ፌዶራ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2012 ሁለቱን አዋሃደ፤ ሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያንና ኡቡንቱም በዚያው መንገድ ሄደዋል። አዲስ ሊኑክስ ካላችሁ የሥሩን ማህደር በዝርዝር አሳዩ። ቢን አጠገብ ትንሽ ቀስት ታያላችሁ፤ የምትጠቁመው ወደ ዩኤስአር ነው።