የብስክሌት ጉዞ ድንኳን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ድንኳን የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለእግረኛ ነው። ድንኳኑን ጀርባው ላይ አዝሎ ተራራ ለሚወጣ ሰው። ብስክሌተኛውም ያንኑ ሰምቶ ይገዛል። ከዚያ ዕቃውን ብስክሌቱ ላይ መጫን ሲጀምር ነገሩ አልገጥም ይለዋል። እኔም የመጀመሪያ ድንኳኔን የመረጥኩት እንደዚያ ነው፤ ክብደቱን ብቻ አይቼ። ቀላል ነበር፣ ግን ዘንጉ የትም አልገባ ብሎኝ ብዙ ተቸግሬያለሁ።

ከታች ያሉትን አመለካከቶች ስታነቡ አንድ ነገር ያዙልኝ። ድንኳናችሁን የሚሸከመው ብስክሌቱ ነው፤ ትከሻችሁ አይደለም። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

«ከሁሉም የቀለለው ይሻላል»

ለእግረኛ ልክ ነው። ጀርባ ላይ ያለ አንድ ኪሎ በየእርምጃው ይሰማል። ብስክሌት ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ትርፍ ዕቃ ይዛችሁ 1,000 ሜትር ከፍታ ወጣችሁ እንበል። ያን አንድ ኪሎ ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት 9,800 ጁል ገደማ ነው። በ150 ዋት ኃይል ፔዳል ለሚመታ ሰው ይህ የ65 ሰከንድ ሥራ ነው። ሰዓታት በሚፈጅ ዳገት ላይ የአንድ ደቂቃ ልዩነት! ሜዳ ላይማ ጭራሽ አይታወቅም። እዚያ የሚታገላችሁ ነፋሱ ነው።

ክብደት ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ኪሎ በኪሎ ላይ ሲደራረብ ጉልበት ይጨርሳል። ነገር ግን ያን አንድ ኪሎ ለመቀነስ የምትሰጡት ነገር አለ፤ እሱም ጥንካሬ ነው። በጣም ቀላል የሚባሉት ድንኳኖች ጨርቃቸው 10 ወይም 15 ዴኒየር ነው። ዴኒየር የክር መለኪያ ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግረናል። 15 ዴኒየር ሲባል እንግዲህ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ክር የሚመዝነው 15 ግራም ብቻ ነው። በጥንቃቄ ለያዘው ሰው ይህም ያገለግላል። ብስክሌት ግን ይንቀጠቀጣል። ኮረኮንች ላይ ስትውሉ የተጠቀለለው ድንኳን ከዕቃ መጫኛው ብረት ጋር ሲፋተግ ይውላል። ማታ ስትዘረጉት እጥፋቱ ላይ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ለረጅም ጉዞ፣ በተለይ ለወለሉ፣ ወፈር ያለውን ጨርቅ እመርጣለሁ። 300 ወይም 400 ግራም ቢጨምር አይቆጨኝም።

ደግሞ ክብደት ስታነጻጽሩ የትኛው ክብደት እንደተጻፈ እዩ። አንዳንዱ አምራች ጨርቁንና ዘንጉን ብቻ መዝኖ በትልቁ ይጽፋል። ካስማው፣ አውታሩና ከረጢቱ ከዚያ ውጭ ናቸው። እናንተ ግን ያለ ካስማ አትወጡም። ሙሉውን ክብደት ከሙሉው ጋር አወዳድሩ።

«ተጠቅልሎ ትንሽ ከሆነ የትም ይገባል»

እኔ አሁን ድንኳን ሳይ በመጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ዘንጉ ሲታጠፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

ጨርቅ ታዛዥ ነው። ስትጫኑት ይጨመቃል፣ ክፍተት ባገኘበት ሁሉ ይገባል። ዘንግ ግን ያው ዘንግ ነው። የብዙ ድንኳኖች ዘንግ ተጣጥፎም ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ለጀርባ ቦርሳ ችግር የለውም፣ በቁሙ ይገባል። የኮርስ ብስክሌት መሪ ግን በአብዛኛው ከ40 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ነው ስፋቱ። በሁለቱ የፍሬን እጀታዎች መካከል የሚተርፈው ቦታ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እዚያ ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ዘንግ አግድም ብታስሩ እጃችሁ ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ ይነጥቃችኋል። ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ለብስክሌት ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ድንኳኖች ዘንጋቸው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲታጠፍ የተደረገው ለዚህ ነው።

የጎን ቦርሳም ያው ነው። ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ረጅሙ ዘንግ ክዳኑን አያዘጋም። ክዳኑ ካልተዘጋ ደግሞ ዝናቡ ይገባል።

ደስ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ አዲስ ድንኳን መግዛት አያስፈልግም። ድንኳኑ የመጣበትን ከረጢት እርሱት። ጨርቁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ዘንጉን ለብቻው ጠንካራ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ከፍሬሙ ጋር ወይም የኋላው መጫኛ ላይ በርዝመቱ እሰሩት። ሁለት ቦታ ይታሰር፤ አንዱ ማሰሪያ ቢላላ ሌላው ከጎማው ይጠብቀዋል። ከመንገድ በፊት ፔዳሉን እያዞራችሁ ጉልበታችሁ እንደማይነካው እዩ።

«የሁለት ሰው ድንኳን ለሁለት ሰው ነው»

አዎ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ለሚተኙና ዕቃ ለሌላቸው ሁለት ሰዎች። የሁለት ሰው የሚባለው ድንኳን ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከ120 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደው የመኝታ ፍራሽ 51 ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው ደግሞ 64 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ሰፊ ፍራሽ ስትዘረጉ ወለሉ አለቀ። ብስክሌተኛ ደግሞ ሁለት ወይም አራት የጎን ቦርሳ፣ የመሪ ቦርሳ፣ የራስ ቁርና ጫማ አለው። ይህ ሁሉ ዝናብ ሲመጣ የት ይግባ?

ብቻውን ለሚጓዝ የሁለት ሰው፣ ለጥንዶች የሦስት ሰው ድንኳን ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ወይም በረንዳው ሰፊ የሆነ ድንኳን ፈልጉ። በረንዳ የምለው በውጪው ሽፋንና በውስጠኛው ድንኳን መካከል ያለውን ወለል አልባ ቦታ ነው። ለብስክሌተኛ ከውስጡ ስፋት እኩል የሚያስፈልግ ነገር ነው። አንድ ቀን ሙሉ ዝናብ ይዟችሁ ቁጭ ካላችሁ ታውቁታላችሁ።

በረንዳው ተዘግቶ ምግብ ማብሰል ግን አይታሰብ። የድንኳን ጨርቅ በፍጥነት ይቀጣጠላል። ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

«ብስክሌቱም ውስጥ ማደር አለበት»

ብስክሌት 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እሱን የሚያስገባ ድንኳን ስትሸከሙ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የካቴናው ግራሶና የጥርሱ ስለት ከጨርቅ ጋር ባይገናኙም ይሻላል። ከዛፍ ጋር ቆልፉት። ዛፍ ከሌለ ድንኳኑ አጠገብ አስተኙትና ከአውታሩ ጋር በገመድ አያይዙት። የነካው ካለ ድንኳኑ ይነቃነቃል፣ እናንተም ትነቃላችሁ።

«በእግር መሄጃ ዘንግ የሚቆመው ድንኳን ቀላል ስለሆነ አሪፍ ነው»

እግረኛው ሁለት የመሄጃ ዘንግ በእጁ ይዟል። ድንኳኑንም በእነሱ ያቆማል። ስለዚህ የድንኳኑ ክብደት ላይ ዘንግ አልተቆጠረም። ብስክሌተኛው ግን ያን ዘንግ አይዝም፤ ለብቻው መግዛትና መጫን አለበት። የተጻፈውን ክብደት አይታችሁ ስትጓጉ ይህን ጨምሩበት።

«ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዝናብ አያስገባም»

ድንኳን ላይ 1,500 ሚሊ ሜትር፣ 3,000 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም 5,000 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይጻፋል። ይህ ጨርቁ ጠብታ ማሳለፍ ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ከፍታ ያለው ውሃ እንደሚችል ያሳያል። 1,500 ሲባል ጨርቁ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የቆመ ውሃ ማለት ነው። ለላይኛው ሽፋን ይህ ይበቃል። ወለሉ ግን ይለያል። ስትንበረከኩ ወለሉን በክብደታችሁ እርጥቡ መሬት ላይ ትጫኑታላችሁ፤ ውሃውም ወደ ላይ ሊያልፍ ይገፋል። ስለዚህ ወለሉ ላይ 3,000ና ከዚያ በላይ ብትፈልጉ ምክንያት አላችሁ።

ቁጥሩ የማይነግራችሁ ነገር ይብሳል። ስፌቱ ተዘግቷል ወይ? ሁለቱም ፊቱ በሲሊኮን የተቀባ ናይለን ስፌቱን የሚሸፍነው ፕላስተር አይዝለትም። ስለዚህ አንዳንዱ ስፌቱ ሳይዘጋ ይሸጣል፤ በሲሊኮን ማሸጊያ ራሳችሁ መቀባት አለባችሁ። ናይለን ሲርስ ደግሞ ይለጠጣል። ማታ ወጥራችሁት የተኛችሁት ድንኳን እኩለ ሌሊት ላይ ረግቦ ፊታችሁን ይነካል። ፖሊስተር በዚህ ይሻላል፤ ፀሐይንም የበለጠ ይችላል። በክብደት እኩል ሲሆኑ ግን ናይለን ለመቀደድ ይጠነክራል። እኔ ዝናብ ለበዛበት ጉዞ ፖሊስተሩን እወስዳለሁ።

ከወለሉ ስር የምታነጥፉት ሸራም አለ። ከድንኳኑ ጠርዝ አንድ ጣት ያህል እንኳ እንዳይወጣ እጠፉት። የወጣ እንደሆነ ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ሰብስቦ ከበታቻችሁ ያስገባዋል።

«ጠዋት ውስጡ ከረጠበ ድንኳኑ አፍስሷል»

ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ደህና ድንኳን ያለ ጥፋቱ ሲጣል አይቻለሁና።

አንድ የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ሊትር ውሃ ያወጣል። ሁለት ከሆናችሁ እጥፍ ነው። ላብ የጠጣ የብስክሌት ልብሳችሁን ውስጥ ከሰቀላችሁ ያም ይጨመራል። ይህ እርጥበት ቀዝቃዛ ጨርቅ ሲያገኝ ወደ ውሃ ይለወጣል። ሰማዩ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለው ሌሊት ሲሆን የድንኳኑ ጨርቅ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። ዝናብ ጠብ ሳይል ጨርቁ በውስጥም በውጭም የሚርሰው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ድንኳኑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ተቃራኒውን አድርጉ። የአየር መግቢያዎቹን ክፈቱ፣ በሩን ከላይ ትንሽ ገርበብ አድርጉት። ስትገዙም ከላይና ከታች አየር የሚያሳልፍ ድንኳን ምረጡ። ሁለት ድርብ ከሆነ ውሃው የሚቆመው በውጪው ሽፋን ላይ ነው፤ ውስጠኛው መረብ ከእናንተ ያርቀዋል። ባለ አንድ ድርቡ ይቀላል፣ ግን ትከሻችሁ ጨርቁን በነካ ቁጥር ይረጥባል።

ቦታውም ይወስናል። ወንዝ ዳር ያምራል፤ ነገር ግን አየሩ እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ትንሽ ከፍ ብላችሁ፣ ዛፍ ስር ብታድሩ ጤዛው ይቀንሳል። ከመትከላችሁ በፊት ግን ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን እዩ።

«በራሱ የሚቆም ድንኳን ካስማ አይፈልግም»

በራሱ ይቆማል ማለት ቅርጹን ይይዛል ማለት ነው። ነፋስ ሲመጣ ግን ባዶው ድንኳን ይነሳና ይሄዳል። አንድ ጊዜ ውሃ ልቀዳ ዞር ብዬ ስመለስ ድንኳኔ ሜዳውን አቋርጦ እሾህ ላይ አርፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዘንጉን ሳላስገባ በፊት በነፋሱ በኩል ሁለት ካስማ እመታለሁ።

ሆኖም ለብስክሌተኛ ይህን ዓይነት እመርጣለሁ። ዛሬ ሣር፣ ነገ ሲሚንቶ፣ ከነገ ወዲያ ድንጋይ ላይ ታድራላችሁ። ካስማ በማይገባበት ቦታ የጎን ቦርሳዎቹ ማዕዘኖቹን ይይዛሉ። ዋሻ መሳዩ ረጅም ድንኳን ለክብደቱ ብዙ ቦታ ይሰጣል፤ ጠባብ ጫፉን ወደ ነፋሱ ካዞራችሁት ደግሞ በደንብ ይችለዋል። ያለ ካስማ ግን አይቆምም።

«የአራት ወቅት ድንኳን ያሞቃል»

የሚሠራው በረዶ እንዳይጫነውና ኃይለኛ ነፋስ እንዳይጥለው ነው። የሚያሞቃችሁ የመኝታ ከረጢቱና ከስር ያለው ፍራሽ ነው። ለቅዝቃዜ ያሰባችሁትን ገንዘብ እዚያ ላይ አውሉት።

«እርጥብ ድንኳን ከተጠቀለለ ተበላሸ»

ደርቆ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ብስክሌተኛ ግማሽ ቀኑን ያጣል። እርጥቡን ጠቅልላችሁ ሂዱ። ለግማሽ ቀን ምንም አይሆንም። የውጪውን ሽፋን ከውስጠኛው ለይታችሁ ለብቻው ውሃ በማያስገባ ከረጢት አስቀምጡት፤ ውስጠኛው ደረቅ ይቆያል። የሚያበላሸው ለቀናትና ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሻጋታ ይይዘዋል፣ ውሃ እንዳያስገባ ጨርቁ ላይ የተቀባው የፖሊዩሬቴን ቅብም ውሎ አድሮ እየተጣበቀና እየሸተተ ይላጣል። ምሳ ላይ ስትቆሙ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርጉና ሽፋኑን በላዩ ላይ አስጡት። ፀሐይና ትንሽ ነፋስ ካለ በልታችሁ እስክትነሱ ደርቆ ይጠብቃችኋል።