ዕረፍት ምንድን ነው? ኦፍ የወጣ ሁሉ አረፈ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ በሬዲዮ ሲያወራ ሰማሁ። «በሽፍት የሚሠራ ሰው ለማራቶን ልምምድ እንዲያውም ይመቸዋል፤ ኦፍ አለው፣ በኦፉ ቀን ረጅሙን ሩጫ ይጨርሳል፣ ዕረፍቱም እዚያው ውስጥ ነው» አለ። ይህን ነገር ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰበታና ዓለም ገና አካባቢ የማሠለጥናቸው ሯጮች ብዙዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞችና ጥበቃዎች ናቸው፤ በዚህ ምክር የተጎዳ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ኦፍ የአሠሪ ቃል ነው። ዛሬ ሥራ አትግባ ማለት ነው፣ በቃ። ዕረፍት ግን የሰውነት ነው። በሩጫ የተጎዳው ጡንቻ የሚጠገንበት፣ ያለቀው ጉልበት ተመልሶ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ ያስፈልጋል።

ሊጥ አስቡ። ልምምድ ማቡካት ነው። ዱቄቱን፣ ውሃውንና እርሾውን አዋህዳችሁ በደንብ ታሻላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን የእናንተ አይደለም። ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ክዳኑን በየሰዓቱ እየከፈተ፣ ዱቄት እየጨመረ የሚያማስል ሰው ሊጡ መቼ ይቡካለት? ተቸኩሎ ምጣድ ላይ ሲወጣ አፍለኛ ይሆናል፣ ዓይን አያወጣም። ከአዳር ሽፍት በኋላ የሚተኙት የቀን እንቅልፍ ደግሞ በክረምት እንደተቦካ ሊጥ ነው፤ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ያው ሊጥ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። «ታዲያ አብዝቼ ባርፍስ?» የሚለኝ አለ። ልክ ነው፣ ሊጥም ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ ሯጭም ሁለት ሳምንት ከተኛ ኮንዲሽኑ መውረድ ይጀምራል። እኔ ዘንድ የሚመጣው የሽፍት ሠራተኛ ችግሩ ግን ይህ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ፈትል ፋብሪካ የሚሠራ። ማታ 5 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 1 ሰዓት ወጣ። ከሰርቪስ እንደወረደ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር፣ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ግማሽ ዳቦ። የዕለቱ ፕሮግራም 30 ኪሎ ሜትር ነው። «ኮች፣ ዛሬ ኦፍ ነኝ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። እኔም ፈቀድኩለት። 20 ኪሎ ሜትር እንዳለፉ፣ ከኋላ በሞተር እየተከተልኩ፣ እግሩ ከመስመር ሲወጣና ሲመለስ አየሁ። ድካም መሰለኝ። አጠገቡ ስደርስ ዓይኑ ገርበብ ብሏል። ስሙን ጠራሁት፣ አልሰማኝም። ከኮሮኮንቹ ጠርዝ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ስድስት ሳምንት ሳይሮጥ ቆየ።

የፋብሪካው ፕሮግራም ላይ ያ ቀን ኦፍ ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ግን ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ሥር ቆሞ ነው ያደረው። ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው። ሙቀቱ ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ገደማ በጣም ይወርዳል፣ ጠዋት መውጣት ይጀምራል። የአዳር ሠራተኛ አልጋ ውስጥ የሚገባው ሰውነቱ «ተነስ» በሚልበት ሰዓት ነው። ላዩ ላይ ፀሐይ አለ፣ የልጆች ጫጫታ አለ፣ የጎረቤት ቴፕ አለ። ለዚህ ነው የቀን እንቅልፍ ከሌሊቱ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት የሚያንሰው። መስኮቱ ላይ ጋቢ ስቀሉ፣ ይረዳል። ቡናውንም አስቡበት፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከጠጣችሁት ግማሽ ያህሉ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገና ሰውነታችሁ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከአዳር የወጣችሁበት የመጀመሪያው ኦፍ የአዳሩ ጅራት ነው። ያን ቀን ጠዋት ትንሽ ተኙ፣ ከሰዓት ተነስታችሁ 40 ደቂቃ ኢዚ፣ ማለትም ቀለል አድርጋችሁ፣ ብትሮጡ ምንም አይደል፣ ማታ በጊዜ ግቡ። ረጅሙ ሩጫ ሌሊት ከተተኛ በኋላ በሁለተኛው ቀን ይሁን። የልብ ምት የምትለኩ ካላችሁ፣ ከአዳር ስትወጡ የለካችሁትን ሌሊት ተኝታችሁ ከለካችሁት ጋር አታወዳድሩ፤ ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸው። ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ለብቻችሁ ወደ ጫካ አትውጡ፣ በእኛ በኩል ጅብም ውሻም አለ።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ሳምንት የሚባለው ነገር ነው። ተንታኙ «በየሳምንቱ እሁድ ረጅም» ይላል። ለማን? ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ቀን አዳር፣ ሁለት ቀን ኦፍ የሚሠራ ሰው ዙሩ ስምንት ቀን ነው። እሁድ አንዴ ኦፉ ላይ ይውላል፣ አንዴ አዳሩ ላይ። የዚህ ሰው ፕሮግራም በስምንት ቀን ነው መውጣት ያለበት። ጡንቻ እሁድን ከማክሰኞ አይለይም።

«አበበ ቢቂላም እኮ ወታደር ነበር፣ ሥራ አላገደውም» ብሎም ጨመረ ተንታኙ። አዎ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቶ አሸነፈ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ድሉን ደገመው። ግን ልምምዱን የሚመራለት አሠልጣኝ ነበረው፣ ኦኒ ኒስካነን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ የሚወጣን ጥበቃ ከእሱ ጋር አነጻጽሮ «ሰነፍ» ማለት ግፍ ነው።

አንድ ኦፍ ብቻ ላላችሁ፣ ያውም ከአዳር በኋላ ለሚመጣባችሁ፣ ረጅሙን ሩጫ ከሰዓት ሽፍት በምትገቡበት ጊዜ፣ ጠዋት ላይ አድርጉት። ማታ 5 ሰዓት ትወጣላችሁ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ትነሳላችሁ። ትንሽ ዳቦና ሻይ ቀምሳችሁ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ሮጣችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ጋደም ብላችሁ 9 ሰዓት ሥራ ትገባላችሁ። ሲነጋ የነበረው ብርድ አልፎ ፀሐይ ይወጣባችኋልና ውሃ ያዙ። ያ የፈትል ፋብሪካው ልጅ አሁን 30ውን የሚሮጠው በዚህ ሰዓት ነው።